እሱ ነው ያለው ወይስ አማካሪው?

በፈረንጆች 2008 ጁላይ ላይ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳለስ ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያ ውስጥ ተራችንን እየጠበቅን ሬዲዮ እንሰማለን። ከመሃላችን አንዱ፣ የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ በዚያው ዓመት የጨመረበት ልጅ፣ ድንገት «ሰማችሁ? ማኬን አልቃሾች አለን እኮ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ ያለው «ማኬን አይደለም፣ አማካሪው ነው» ሲል አረመው። ልጁ የመኪናውን በር ድው አድርጎ ዘጋና «ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» አለ። መልስ የሰጠው የለም። ተራ ደረሰና ሁላችንም ወደፊት ተንቀሳቀስን።

ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። በአሜሪካ ምርጫ ወቅት፣ በተለይ ኢኮኖሚው ሲናጋ፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ባንክና ስለ ቤት ብድር በቴሌቪዥን የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ ዕጩው ራሱ አይደለም። አንድ ፕሮፌሰር፣ አንድ የቀድሞ ሴናተር ወይም አንድ የቀድሞ የኩባንያ ኃላፊ ነው። ይህ ሰው የሚናገረው የዕጩው ቃል ኪዳን ነው ወይስ የግሉ ሐሳብ? ቢሳሳትስ የሚጠየቀው ማን ነው? ይህን ለማየት የ2008ቱ የፕሬዝዳንት ዕጩዎች፣ የዴሞክራቱ ባራክ ኦባማና የሪፐብሊካኑ ጆን ማኬን፣ ያደረጉት ፉክክር ጥሩ ምሳሌ ነው። ምርጫውና የገንዘብ ቀውሱ በአንድ ሰሞን ተገጣጥመው ነበርና።

እነዚህ አማካሪዎች እነማን ናቸው?

ቃል አቀባይ ማለት ደመወዝ ተከፍሎት የሌላውን ቃል የሚያደርስ ሰው ነው፤ የራሱን ሐሳብ የሚጠይቀው የለም። አማካሪ ደግሞ የራሱን ሐሳብ በዝግ ቤት ለዕጩው የሚናገር ነው፤ አደባባይ መውጣት ሥራው አይደለም። በምርጫ ዘመቻ ግን ሁለቱም ሥራ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ጠዋት ለዕጩው «ይህ ዕቅድ ገንዘቡ አይበቃውም» ብሎ የመከረ ሰው፣ ማታ በቴሌቪዥን ያንኑ ዕቅድ ሲከላከል ሊገኝ ይችላል።

በእኛ ታሪክ አፈ ንጉሥ የሚባል ሹመት ነበር። ስሙ እንደሚለው የንጉሡ አፍ ነው፤ ኋላ ላይ የዳኞች ሁሉ የበላይ ሆነ። አፈ ንጉሡ ከተናገረ ንጉሡ ተናገረ ማለት ነው፤ «የግል ሐሳቡ ይሆን?» ብሎ የሚጠራጠር አይኖርም። የምርጫ ዘመቻ አማካሪ ግን የሾመው ሕግ የለም፣ ቃለ መሐላም አልፈጸመም። አንዳንዶቹ እንዲያውም መምህር ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲያቸው እያስተማሩ ጎን ለጎን ያግዛሉ።

በ2008 በኦባማ በኩል ከሁሉ ቀድሞ የሚታዩት ኦስታን ጉልስቢ ነበሩ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር። ጁን ላይ ጄሰን ፈርማን የዘመቻው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ኃላፊ ሆነው ተጨመሩ። በማኬን በኩል ደግሞ ዳግላስ ሆልትዝ ኢኪን ነበሩ፤ የኮንግረስ የበጀት ቢሮ የቀድሞ ዳይሬክተር። ሦስቱም ቁጥር ይዘው የሚሠሩ፣ ዕቅዱን የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ በላይ ስማቸው ብቻውን መልእክት የሆነ አንጋፋዎች አሉ፦ የቀድሞው የማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ፖል ቮልከር፣ የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትሮቹ ሮበርት ሩቢንና ላሪ ሰመርስ። ኢኮኖሚስት ያልሆኑ፣ ከንግዱ ዓለም የመጡም አሉ፤ የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያን ይመሩ የነበሩት ካርሊ ፊዮሪና ለማኬን ይናገሩ ነበር።

የማኬን አማካሪ ፊል ግራም ሁሉንም ነበሩ። በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ያላቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ ለቴክሳስ ሴናተር የነበሩ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የዩቢኤስ ኢንቨስትመንት ባንክ ምክትል ሊቀመንበር። ማኬን ከዚያ በፊት ኢኮኖሚን የሚገባቸውን ያህል እንደማያውቁት በራሳቸው አንደበት ተናግረው ነበር። ዕጩው እንዲህ ካለ የአማካሪው ቃል ሚዛኑ ይጨምራል፤ ሰው «እንግዲህ የሚያውቀው ይሄኛው ነው» ይላላ።

የተናገሩት የማን ቃል ነው?

ሽማግሌ ልከህ ልጅ አስጠይቀሃል እንበል። ሽማግሌው የልጅቷ ቤት ተቀምጦ «ልጃችን ቤት አለው፣ ሥራውም የተደላደለ ነው» አለ። አባትየው ደስ ብሎት መረቀ። ከወር በኋላ ቤቱ የኪራይ ሆኖ ተገኘ። አሁን የተናገረው ማን ነው? አንተ «እኔ እንዲህ በል አላልኩትም» ትላለህ። ሽማግሌው «የመሰለኝን ነው የተናገርኩት» ይላል። አባትየው ግን የሰማው ከአንተ እንደሆነ አድርጎ ነው።

የአማካሪም ነገር እንዲሁ ነው። ቃሉ የዕጩው ይሁን የአማካሪው የሚወሰነው ሲነገር አይደለም፤ ከተነገረ በኋላ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው ታይቶ ነው። ደስ ካሰኘ የዕጩው ዕቅድ ይሆናል። ካስቆጣ የአማካሪው የግል አስተያየት ነው።

የግራም ነገር እንዲህ ነበር። ጁላይ 10 ዋሽንግተን ታይምስ ላይ በወጣ ቃለ ምልልስ፣ አገሪቱ ያለችበት የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ «የአእምሮ» እንጂ የእውነት እንዳልሆነ ተናገሩ፤ አሜሪካውያንም የአልቃሾች አገር ሆነናል አሉ። ቤንዚን በዋጋ ሰማይ የነካበት፣ ቤቶች በባንክ የሚወረሱበት ወቅት ነው። ኦባማ በዚያው ዕለት ቨርጂኒያ ላይ ቀለዱበት፤ ሰው ችግሩን የሚያማክረው ዶክተር ፊል የሚባል የቴሌቪዥን ባለሙያ ስላለ፣ አሜሪካ ሌላ ዶክተር ፊል አያስፈልጋትም አሉ። ማኬን ሚሺጋን ነበሩ። «ፊል ግራም ለእኔ አይናገርም፤ ለራሴ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ። ግራም በመንግሥታቸው ውስጥ ቦታ ይኖራቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ምናልባት የቤላሩስ አምባሳደር ይሆናሉ፣ የሚንስክ ሰዎች ግን መቀበላቸውን እንጃ ብለው አሾፉ። በሳምንቱ ግራም ከዘመቻው ተባባሪ ሊቀመንበርነታቸው ለቀቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይህ ነው።

የእኛ ሰፈር ሰው ግራምን እንደ ጅል ቆጠራቸው። ነገሩን ቀረብ ብለን ካየነው ግን ሌላ መልክም አለው። በተለምዶ ኢኮኖሚ ቀዘቀዘ የሚባለው አጠቃላይ ምርት ለሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመት ሲቀንስ ነው፤ በዚያን ሰዓት በእጅ ያለው የመንግሥት አኃዝ ደግሞ የዓመቱን የመጀመሪያ ሩብ በትንሹም ቢሆን ዕድገት አድርጎ ነበር ያሳየው። በግራም ውስጥ ያለው ኢኮኖሚስት ወረቀቱን አንብቦ ነው የተናገረው። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 2008፣ ምርጫው ካለቀ በኋላ፣ የኢኮኖሚውን ዑደት የሚመዘግበው የብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ መቀዝቀዙ የጀመረው በዲሴምበር 2007 እንደነበር አስታወቀ። ግራም «የአእምሮ ነው» ባሉበት ቀን አሜሪካ ሰባት ወር ሙሉ እዚያው ውስጥ ነበረች ማለት ነው። የመኪናውን በር ድው ያደረገው ልጅ ከአኃዙ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

የኦባማ ወገንም ከዚህ አላመለጠም። ፌብሩዋሪ ላይ፣ ገና ከሂላሪ ክሊንተን ጋር በፓርቲው ውስጥ በሚፎካከሩበት ጊዜ፣ ጉልስቢ ቺካጎ ከሚገኘው የካናዳ ቆንስላ ሰዎች ጋር ተገናኙ። ኦሃዮ ላይ የሚሰጠው ድምፅ ቀርቦ ነበር፤ ኦሃዮ ደግሞ ፋብሪካ የተዘጋባቸው ሠራተኞች የሞሉባት፣ ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋር የተደረገውን ናፍታ የተባለ የነፃ ንግድ ስምምነት የምትጠላ ክፍለ ግዛት ናት። ኦባማ ስምምነቱ እንደገና ድርድር ይደረግበት ይሉ ነበር። የቆንስላው ሠራተኛ ስለ ውይይቱ የጻፈው ማስታወሻ አፈትልኮ ሲወጣ፣ የኦባማ ንግግር ከፖሊሲ ይልቅ የፖለቲካ ስልት እንደሆነ ተደርጎ ተመዝግቦ ተገኘ። ጉልስቢ እንዲህ አላልኩም አሉ። ዘመቻው ደግሞ ሰውየው የሄዱት እንደ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እንጂ እንደ ዘመቻው መልእክተኛ አይደለም አለ። ካናዳውያኑ የተነጋገሩት ግን ከኦባማ አማካሪ ጋር ነበር። ክሊንተን ማርች 4 ኦሃዮን አሸነፉ።

ቀውሱ ራሱ ምን ነበር?

በአጭሩ፦ ባንኮችና አበዳሪዎች ለመክፈል አቅም ለሌላቸው ሰዎች ጭምር የቤት ብድር ሰጡ። ብድሮቹ ተጠቅልለው፣ እንደ ዕቃ ተቸርችረው ለመላው ዓለም ተሸጡ። የቤት ዋጋ ሲወርድ የተሸጠው ጥቅልል ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። እንደ ሌማን ብራዘርስ ያሉት የኢንቨስትመንት ባንኮች ደግሞ ከራሳቸው 1 ዶላር ላይ 30 ዶላር ገደማ የሚያህል ንብረት ተሸክመው ነበር፤ ንብረቱ አራት በመቶ ዋጋ ቢቀንስ የራሳቸው ገንዘብ አለቀ ማለት ነው። የቀረውን የሚበደሩት ከሌሎች ባንኮችና ድርጅቶች ሲሆን፣ ብዙውም የአንድ ሌሊት ብድር ነበር። በየማለዳው አበዳሪው «ዛሬም አበድርሃለሁ» ማለት አለበት።

እዚህ ላይ ዕቁብን አስቡ። ሃያ ሰው ያለበት ዕቁብ ውስጥ «ሰብሳቢው ገንዘቡን አጠፋው» የሚል ወሬ ተነሳ እንበል። ወሬው ፍጹም ውሸት ቢሆን እንኳ፣ ዕጣ ያልወጣላቸው ሰዎች «መጀመሪያ ነገሩ ይጣራ» ብለው መክፈል ያቆማሉ። መክፈል ሲያቆሙ ዕቁቡ በእርግጥ ይፈርሳል። ውሸቱ እውነት ሆነ። በአንድ ሌሊት ብድር የሚኖር ባንክም እንደዚሁ የሚቆመው አበዳሪዎቹ ነገ ይኖራል ብለው ሲያምኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ቃል ተራ ነገር አይደለም። ነገ ሚኒስትር ሊሆን የሚችል ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ «እገሌ ባንክ ያሰጋኛል» ቢል ባንኩን ሊጥለው ይችላል።

ታዲያ በቀውሱ ሳምንት ምን ተባለ?

ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2001 ነበር፤ የዕንቁጣጣሽ እንግዳ ገና ከቤታችን አልወጣም። በዚያ ሰኞ ማለዳ ሌማን ብራዘርስ ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ኪሳራ አወጀ። ዶው ጆንስ የአክሲዮን መለኪያ ከ500 ነጥብ በላይ ወረደ። በዚያው ጠዋት ማኬን ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ላይ ቆመው ጊዜው በጣም ከባድ ቢሆንም «የኢኮኖሚያችን መሠረት ጠንካራ ነው» አሉ።

ይህ አባባል ኢኮኖሚስቶች ለማረጋጋት የሚናገሩት የቆየ ቀመር ነው። ትርጉሙ ፋብሪካው አለ፣ ሠራተኛው አለ፣ መሬቱ አለ፣ የተበላሸው የገንዘቡ ቧንቧ ነው ለማለት ነው። በሴሚናር አዳራሽ ውስጥ ማንም አይገረምበትም፤ ቤቱን በባንክ የተቀማ ሰው ጆሮ ሲደርስ ግን ስድብ ይመስላል። ኦባማ በዚያው ቀን ኮሎራዶ ላይ «ሴናተር ማኬን፣ ስለ የትኛው ኢኮኖሚ ነው የሚያወሩት?» አሉ። ማኬን ከሰዓታት በኋላ መሠረት ያሉት የአሜሪካን ሠራተኛ እንደሆነ ማስረዳት ነበረባቸው።

ማክሰኞ ደግሞ ተራው የአማካሪዎቹ ሆነ። ጋዜጠኞች ሆልትዝ ኢኪንን «ማኬን በሴኔቱ የንግድ ኮሚቴ ውስጥ ሲሠሩ፣ ዛሬ የሚታየውን የገንዘብ ገበያ ለመረዳት የሚያበቃ ምን ሠሩ?» ብለው ጠየቋቸው። እሳቸው የብላክቤሪ ስልካቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ይህን ነው የሠሩት፣ የምታዩት ማኬን እንዲፈጠር ያገዙት ተአምር ነው አሉ። ነገሩ ኮሚቴው የቴሌኮም ሕጎችን ያወጣል ለማለት ነበር። ብላክቤሪ ግን የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነው። ባንክ በሚፈርስበት ሳምንት፣ ስለ ባንክ ተጠይቆ ስልክ ማሳየት! በዚያው ቀን የዘመቻው ሰዎች የአንድ ሠራተኛ የማይረባ ቀልድ ነበር ብለው አስተባበሉ። የዕቅዱ ዋና ጸሐፊ በአንድ ከሰዓት ውስጥ «አንድ ሠራተኛ» ሆኑ።

በዚያው ማክሰኞ ፊዮሪና፣ የማኬን ምክትል ፕሬዝዳንት ዕጩ ሳራ ፔሊን ትልቅ ኩባንያ ለመምራት ልምዱ አላቸው ወይ ተብለው ሬዲዮ ላይ ተጠየቁ፤ የላቸውም አሉ። ለማስተካከል ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ ማኬንም፣ ኦባማም፣ ጆ ባይደንም ኩባንያ መምራት አይችሉም ብለው አከሉበት። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ ስህተት አይደለም፤ አገር መምራትና ኩባንያ መምራት የተለያየ ሙያ ነው፣ እሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ በማኬን ስም ስክሪን ላይ ብዙም አልታዩም። በዘመቻ ውስጥ አንድ ንግግር የሚለካው በትክክለኛነቱ ሳይሆን ተቆርጦ ለተቃዋሚ ማስታወቂያ ይሆናል ወይስ አይሆንም በሚለው ነው።

ለምን ቁርጡን አይናገሩም?

ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። «ጥያቄው ስለ ባንክ ሲሆን መልሱ ስለ መካከለኛው መደብ ነው፤ ያድበሰብሳሉ» ይባላል። እውነት ያድበሰብሳሉ። ምክንያቱ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም።

ዋናው ነገር የዕጩ አማካሪ የባንኮቹን መዝገብ አያይም። ሴፕቴምበር 2008 ላይ የትኛው ድርጅት ነገ ገንዘብ እንደሚያልቅበት የሚያውቁት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ፖልሰን፣ የፌዴራል ሪዘርቭ፣ ማለትም የማዕከላዊ ባንኩ፣ ሊቀመንበር ቤን በርናንኪና የኒውዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ኃላፊ ቲሞቲ ጋይትነር ነበሩ። ፖልሰን ለሁለቱም ዕጩዎች ስልክ እየደወሉ ያስረዱ ነበር። ከስልኩ የተሰማ ነገር ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ አይወራም፤ ከወጣ ገበያው ይደነግጣል፣ ስልኩም ይቆማል። ስለዚህ አማካሪው የሚያውቀውን አይናገርም፣ የሚናገረውን ደግሞ በቅጡ አያውቅም። ዶክተሩ ገና ምርመራ ላይ እያለ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለዘመድ አዝማድ መልስ እንደሚሰጥ የቅርብ ሰው ነው።

ሌላው ድርድሩ ነው። ፖልሰን 700 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ፣ ሦስት ገጽ ብቻ የሆነ ረቂቅ ለኮንግረስ አቀረቡ፤ መንግሥት የተበላሹትን ንብረቶች ገዝቶ ባንኮቹን ከውድቀት እንዲያድን። ሕዝቡ ተቆጣ፤ «የሀብታም ዕዳ በእኛ ይከፈላል?» ተባለ። የአንዱ ዕጩ አማካሪ «አንደግፍም» ቢል የዚያ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ይሸሻሉ፤ «እንደግፋለን» ቢል ተቃዋሚው የዎል ስትሪት ሎሌ ይለዋል። ማኬን ሴፕቴምበር 24 ዘመቻዬን አቁሜ ዋሽንግተን እገባለሁ አሉ። በማግስቱ ፕሬዝዳንት ቡሽ ሁለቱንም ዕጩዎች ዋይት ሐውስ ጠርተው ያደረጉት ስብሰባ በጭቅጭቅ ተበተነ። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ክርክራቸው ሴፕቴምበር 26 ሚሲሲፒ ላይ ተካሄደ፤ እኛ ደመራ ላይ ነበርን። ሴፕቴምበር 29 የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁን 228 ለ205 ጣለው፤ ዶው ጆንስ በአንድ ቀን 777 ነጥብ ወረደ። በዚያ ሰዓት አንድ አማካሪ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ቢያገላብጥ አልፈርድበትም።

ባለሙያዎቹ ሲስማሙ እንኳ ዕጩው ላይሰማቸው ይችላል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ማኬን የ18.4 ሳንቲሙ የፌዴራል የቤንዚን ታክስ ለጥቂት ወራት ይቁም ሲሉ ክሊንተንም ደገፉት። ከ200 በላይ ኢኮኖሚስቶች፣ ከሁለቱም ወገን፣ አይጠቅምም ብለው ፈረሙ፤ ታክሱ ቢነሳ ትርፉ ለነጂው ሳይሆን ለነዳጅ ኩባንያው ይሆናል በሚል። ክሊንተን ከኢኮኖሚስቶች ጋር አልወግንም አሉ። እኔም በቀን ታንክ ስሞላ የምውል ሰው ነበርኩና፣ ያን ጊዜ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ።

ከዘመቻ አንደበት ወጥቶ ሕግ የሆነ ነገር አለ?

አለ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ባንክ ቢወድቅ መንግሥት ለአስቀማጩ የሚተካለት እስከ 100,000 ዶላር ብቻ ነበር። ረቂቁ በወደቀ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 30፣ ኦባማም ማኬንም ጣሪያው ወደ 250,000 ዶላር ከፍ ይበል አሉ። ኦክቶበር 1 ሴኔቱ የተሻሻለውን ረቂቅ 74 ለ25 አሳለፈው፤ ሁለቱም ዕጩዎች «አዎ» ብለው ድምፅ ሰጡ። ኦክቶበር 3 ምክር ቤቱም አጸደቀው፣ ቡሽ ፈረሙ፤ 250,000ው ውስጡ ነበረ። በሦስት ቀን ውስጥ የዘመቻ ንግግር የአገር ሕግ ሆነ ማለት ነው። ዛሬም አሜሪካ ባንክ ገንዘብ ያለው ሐበሻ ሁሉ በዚሁ ጣሪያ ሥር ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ኦክቶበር 7 ናሽቪል ላይ በተደረገው ክርክር ማኬን፣ መንግሥት 300 ቢሊዮን ዶላር በሚያህል ገንዘብ የተበላሹ የቤት ብድሮችን ገዝቶ ለባለቤቶቹ ክፍያውን ያቅልላቸው አሉ። ለጋዜጠኞች በታደለው ወረቀት ላይ አበዳሪዎች የደረሰባቸውን ኪሳራ መቀበል አለባቸው የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። በማግስቱ ዓረፍተ ነገሩ ከወረቀቱ ጠፋ። ትንሽ ነገር ይመስላል? አንድ ሰው 300,000 ዶላር ተበድሮ ቤቱ ዛሬ 200,000 ብቻ ያወጣል እንበል። 100,000ው ኪሳራ የማን ነው? ያ ዓረፍተ ነገር ካለ የባንኩ ነው። ከሌለ የግብር ከፋዩ። ክርክሩን ሚሊዮኖች አዩት፤ ልዩነቱ የነበረው ግን ሆልትዝ ኢኪንና ጓደኞቻቸው በሚጽፉት ወረቀት ላይ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ዕጩው ከሚለው ይልቅ በማግስቱ የሚታደለውን ወረቀት ነው የማነበው።

አጠገባቸው የሚቆሙት አንጋፋዎችስ?

ሴፕቴምበር 19፣ ሌማን በወደቀ በአራተኛው ቀን፣ ኦባማ ፍሎሪዳ ላይ አማካሪዎቻቸውን ሰብስበው ለጋዜጠኞች ታዩ። ከመሃላቸው ቮልከር ነበሩ፤ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሰው። በ1979 የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ሆነው ወለድን ወደ 20 በመቶ አድርሰው የዋጋ ንረቱን የሰበሩ ናቸው። በዚያ ቀን ያሉትን የሚያስታውስ ብዙ የለም። መናገርም አላስፈለጋቸውም፤ ገና የመጀመሪያ የሴኔት ዘመኑን ያልጨረሰ የ47 ዓመት ዕጩ አጠገብ ሽማግሌ መቆሙ ራሱ ንግግር ነበር። በሠርግ ላይ ከሙሽራው ጎን ማን እንደተቀመጠ የማያይ ሰው አለ?

መታየትና መሰማት ግን ይለያያሉ። ቮልከር ባንኮች በአስቀማጭ ገንዘብ ዋስትና እየተጠለሉ ለራሳቸው እንዳይቆምሩ ይከልከሉ ሲሉ፣ ሐሳባቸው ኦባማ ሥልጣን ከያዙ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ጠብቋል። ጃንዋሪ 2010 ላይ ነው ፕሬዝዳንቱ «የቮልከር ደንብ» ብለው ያወጁት፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ሕግ ውስጥ ገባ።

የተናገሩት ሰዎች ሥልጣኑን ያገኙታል?

ሁልጊዜ አይደለም። ኦባማ ኖቬምበር 4 ካሸነፉ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትርነቱ የተሰጠው ለጋይትነር ነው፤ በዘመቻው ጊዜ ለማንም ወግኖ ቴሌቪዥን ላይ ያልታየ ሰው። ሰመርስ የዋይት ሐውስ የኢኮኖሚ ምክር ቤትን ያዙ፣ ፈርማን ምክትላቸው ሆኑ። ዓመቱን ሙሉ ሲናገሩ የነበሩት ጉልስቢ የፕሬዝዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪዎች ጉባኤ አባል ሆነው ገቡ፤ ሊቀመንበር የሆኑት በ2010 ነው። ስለዚህ አንድ አማካሪ ዛሬ ብዙ መናገሩ ነገ ወንበሩ ላይ ለመቀመጡ ማስረጃ አይሆንም።

ሆልትዝ ኢኪን የቀውሱን መንስኤ እንዲያጣራ በኮንግረስ የተቋቋመው ኮሚሽን አባል ሆኑ። በጃንዋሪ 2011 ሪፖርቱ ሲወጣ ከአብላጫው አልተስማሙም፤ ከሌሎች ሁለት አባላት ጋር ሆነው ለቀውሱ አሥር መንስኤዎችን የዘረዘረ የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። ጽሑፉ ግልጽ ነው፣ ተረጋግቶ የተጻፈ ነው። ያን ማክሰኞ ስልክ ከፍ አድርገው ያሳዩት ሰው ይህን ሁሉ ያን ጊዜም ያውቁ እንደነበር ሳነበው ገባኝ።

ጉልስቢ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የቺካጎው ፌዴራል ሪዘርቭ ፕሬዝዳንት ናቸው። እዚያ ደንብ አለ፦ የወለድ መጠን የሚወሰንበት ስብሰባ ሊደርስ ሲል፣ ከስብሰባው በፊት ወደኋላ ሲቆጠር ካለው ሁለተኛ ቅዳሜ ጀምሮ ባለሥልጣናቱ ስለ ኢኮኖሚው በአደባባይ ትንፍሽ አይሉም።